ዛሬ መብራት አታውሱን

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ ማን ያባርርሻል ትለኛለች። ከኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሥራ ስንጀምር መሪ ያደረጉኝም ከሁሉ በልጬ አይመስለኝም፤ ሌላው አረፍ ሲል እኔ ቆሜ ስለምገኝ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ቪላዎች እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የኪራይ ቤቶች ድረስ ሽቦ ስንጎትት ኖረናል።

የገዛ ቤታችንን የመብራት መስመር የቀየርንበትን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ ጫት ሊቅሙ ሳሎናችን በርጫ ይቀመጣሉ፤ በዚያ ሙቀት ያለ ኮርኒሱ ቬንትሌተር ደግሞ አይታሰብም። ለዛሬ ሌላ ቤት ቃሙ ብዬ ለመንኩት። እንግዳ ከቤቴ አላስወጣም አለ። እኔም ከቆጣሪው ሥር ፊውዙን ነቅዬ የቤቱን መብራት አጠፋሁ፤ ማንም እንዳይመልሰው ሁሉም እያየኝ ኪሴ ከተትኩት። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ፤ አታምኚንም ወይ አለኝ። አላምናቸውም ነበር። ሙቀት የያዘው ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ።

ጓደኛዬ ጓዳ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥታ የድሮውን ሽቦ መፍታት ጀመረች። አብራኝ የተማረች ናት፤ ቤቷ ጡት የሚጠባ ልጅ ትታ መጥታለች። እኔ እንደ ልማዴ እንቆራጠጣለሁ፤ ግቢ፣ ቆጣሪው ጋ፣ ጓዳ፣ ደግሞ ግቢ። እጄ ኪሴን ደጋግሞ ይነካል። በሳሎኑ በር ሳልፍ ነፋስ ፊቴን ዳሰሰኝ። ቀና ስል ቬንትሌተሩ ይዞራል።

ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው።

እጅሽን አንሺ ብዬ ስጮህ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ፒንሳዋ የተላጠውን ሽቦ ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው።

ነገሩ ደግነት ነበር። አዴ ብለን የምንጠራት፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያሳደገች ጎረቤታችን ለሽማግሌዎቹ አዝና፣ በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ የተገጠመለት ገመድ በመስኮት አቀብላቸዋለች። አንዱ ጫፍ እሷ ቤት፣ ሌላው የእኛ ሳሎን ሶኬት ላይ። ስለዚህ የቤታችን ሽቦ በሙሉ በእሷ ቆጣሪ ነፍስ ዘርቷል። እዚህ መብራት የጠፋበት ጎረቤት የሚረዳው እንዲህ ነው፤ እኛም ለእሷ ስንቴ አድርገንላታል። በጣም ተናድጄ ነበር፣ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ። አዴ ነገሩ ሲገባት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከመሰላሉ የወረደችው ጓደኛዬ ናት ያባበለቻት።

ገመዱን የሰካው አባቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እያንኳኳሁ ዛሬ ለጎረቤታችሁ መብራት አታውሱ እላለሁ። ድሬ ላይ እንዲህ ማለት ነውር ነው። ሰው ይቀየመኛል።

በቀደም እዚያው ሰፈራችን ሥራ ነበረን። አንዲት ሴት ምን ዓይነት ልጅ ነሽ ብላ በሯን ልትዘጋብኝ ስትል ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ በርጫውን ጥሎ ተከትሎኛል።

"አቦ አትቀየሚያት" አላት። "መሰላል ላይ ሰው አላት። እኔ ገመድ ሰክቼ የሰው ልጅ ልገድል ነበር። ለዛሬ ብቻ ደግ አትሁኑ።"

ሴትየዋ በሩን መዝጋቱን ተወችው። እሱ በከዘራው መሬቱን እየመታ ወደሚቀጥለው በር ቀድሞኝ ሄደ።