ወዴትም የማይሄደው ብስክሌት

ከፍኖተ ሰላም በወጣሁበት ዋዜማ ራቴን የበላሁት ተለምኜ ነው። እናቴ ከቡሬ ወዲህ ካለው ገጠራችን አገልግል ይዛ፣ መናኸሪያው ጀርባ ወደ ተከራየኋት ክፍል መጥታ ነበር። የሚሄድ ሰው ሆዱ አይከፈትም፤ የሄዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ትንሽ ቀማምሼ «ይበቃኛል» አልኳት። «አፈር ስሆን» አለች። «ጠግቤ ነው እኮ እማ» አልኳት። «በሞቴ» አለች። መለስ ብላ ደግሞ «ቆሜ ሳለሁ ካልበላሽልኝ ለተዝካሬ ነው የምትበዪው?» ስትለኝ እንባዬን ከወጡ ጋር እየዋጥኩ በላሁ።

በእኛ ዘንድ «ይበቃኛል» የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ገና ሲጠየቅ እሺ የሚል እንግዳ ሆዳም ይባላል፤ አንዴ ጠይቆ የሚተው ባለቤትም ቆንቋና ይባላል። መሐላው ሲደጋገም ነው ሰው መወደዱን የሚያውቀው። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት፤ አፌን ከመፍታቴ በፊት ሳልለምደው አልቀረሁም።

በክፍሏ ጥግ ብስክሌቴ ቆማ ነበር። ብስክሌቴ እላለሁ እንጂ የክለቡ ናት፤ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ለዞናችን የተወዳደርኩባት። በገበያ ቀን ከቡሬ መንገድ ላይ በርበሬ የጫኑ አህዮችን እያለፍኩ ስበር ገበሬዎቹ «ይቺን ልጅ አባቷ በቅሎ ቢገዛላት ምናለ» ይሉኝ ነበር። እንግዲህ በማግስቱ ለብርቄ ልትሰጥ ነው። ብርቄ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም የመጣች የደጋ ልጅ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፤ ክለቡ የገባችውም ያን ሰሞን ነው። ያን ምሽት ልትሰናበተኝ መጣች። ልትሰናበተኝ ይባል እንጂ ዓይኗ ከብስክሌቱ ኮርቻ አልተነሣም። «እታለም፣ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው» ስትለኝ እጇ መሪውን እየዳበሰ ነበር። ቅናቴ ያኔ ነው የተፀነሰው፤ ገና አገሬን ሳልለቅ።

መጀመሪያ ቤይሩት ነው የሄድኩት፣ ሰው ቤት። ያንን የቀመሳችሁት ስለምታውቁት አላወራውም። አሠሪዎቼ ወደ ቤልጂየም ሲዛወሩ ይዘውኝ መጡ፤ እነሱ ጋ ሥራዬን ስጨርስ በዚያው ቀረሁ። የመኖሪያ ወረቀት ልጠይቅ ቢሮ ስገባ አንድ ቀጭን ሰውዬ ተቀበለኝ። ከጎኑ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ አስተርጓሚ አለ።

«አገርሽ ሳለሽ ሥራሽ ምን ነበር?»

«ብስክሌት እወዳደር ነበር።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ ገበሬ ነበርኩ በይ፤ ለሁላችንም ይቀለናል» አለኝ። እምቢ ብዬ እውነቱን ደገምኩ፤ ሐሰት መናገር ለእኔ ከባድ ነው። ሰውዬው ብዙ ካሰበ በኋላ የጻፈውን ሳየው «ግብርና» ይላል። ይህ እንግዲህ ሕፃን ከእናቱ ጡት ወርዶ ብስክሌት ላይ የሚወጣበት አገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ እሑድ እሑድ እንደ በዓል ለብሰው ይነዱታል።

የመጀመሪያዋ አከራዬ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። በገባሁበት ማታ ሾርባ እየቀዳች «ትበያለሽ?» አለችኝ። ርቦኝ ነበር፤ ቢሆንም ወጉ ነውና «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። «ጥሩ» አለች። ድስቱን ከድና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። እኔ እስክትደግምልኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ ቴሌቪዥን ከፈተች። ክፉ ሆና እንዳልሆነ በኋላ ገባኝ፤ አፌ የተናገረውን አመነችኝ እንጂ። እዚህ አገር ሰው ቃልህን ያምንሃል፤ ይህም መከራ ነው።

ድንቻቸው መልካም ነው፤ የአገራችንን የቆጋን ድንች ግን አያህልም፤ በዘይት ጠብሰው ነጭ ነገር ያፈሱበታል። ዝናባቸው ለምን እንደመጣ የማይናገር እንግዳ ነው። የእኛ ዝናብ ጮሆ፣ ወርዶ፣ ጨርሶ ፀሐዩን ለቆ ይሄዳል። የእነሱ ሳይጮህ ገብቶ ሳምንት ይከርማል። ለዚህ ነው በክረምት ብስክሌታቸውን ቤት ውስጥ አስረው የሚነዱት።

አስረው ስላችሁ እውነቴን ነው። እኔ አዳራሹን የማጸዳለት የብስክሌት ክለብ አለ። የኋላውን ጎማ ይፈቱና ብስክሌቱን ትሬነር በሚሉት የብረት ዕቃ ላይ ይተክሉታል። ፔዳሉን ትመታለህ፣ ላብህ ይወርዳል፣ ከግድግዳው ፊት ግን ንቅንቅ አትልም። መጀመሪያ ሳየው በሬ በሌለበት ሜዳ የሚያርስ ሰው መሰለኝ። ቆይቶ የክለቡ አሠልጣኝ ሊን፣ መጥረጊያዬን አቁሜ አፍጥጬ ስታየኝ፣ «ልትሞክሪ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ብቻ፣ ከአሮጊቷ ሾርባ ተምሬ፣ ወዲያው «እሺ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ከሴቶቹ ጋር እነዳለሁ፤ ብስክሌቱ የተውሶ ነው፣ ጫማውም የተውሶ ነው።

ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ ወደ ብርቄ ለመድረስ ነው። ብርቄ እዚህ ላለ የአገራችን ልጅ ተድራ መጣች። ትዳሩ ሳይሰምር ቀርቶ ሻንጣዋን ይዛ ደጄ ስትቆም ምን ማድረግ ነበረብኝ? አስገባኋት፤ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራየሁላት። የገባች ዕለት «ብርቄ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ» አልኳት፤ «እዚህ አገር የሚጠየቀው አንዴ ነው። ሲጠይቁሽ ካማረሽ እሺ በይ፤ ይደግሙልኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ እኔ በዚህ ተርቤያለሁ።» ሳቀች። ክለቡም ይዣት የሄድኩ እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ይፍረድ። ቋንቋው እኔን ዓመታት የፈጀብኝን እሷ እንደ ቆሎ ቆረጠመችው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መዝሙር ያስመሯት ጀመር። ጾም ብትገድፍ ኖሮ በቀላሉ እጠላት ነበር፤ እሷ ግን የፍልሰታን እንኳ እስከ ቅዳሴ መውጫ ትጾማለች። ቅናቴን ለነፍስ አባቴ ተናዝዤአለሁ። «ስገጂ» አሉኝ። እሰግዳለሁ፤ ከጎኔ ስትሰግድ ሳያት ግን የእሷ ጉልበት ከእኔ ይልቅ ቀሎ ሲታጠፍ ይታየኛል፤ ይኸው ደግሞ ሌላ ቅናት።

በዚህ መሐል በክለቡ የሴቶች የውድድር ቡድን አንድ ቦታ ተከፈተ። ቦታውን ያገኘች የራሷ ብስክሌት ይሰጣታል፤ በበጋው በእውነተኛ መንገድ፣ ነፋስ ፊቷን እየመታ ትወዳደራለች። ያን ቦታ ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት። ዕድሜዬም እየሄደ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። የቀረነው እኔና ብርቄ ነበርን። ሊን «እኔ አልመርጥም፤ መሣሪያው ይናገራል» አለች።

ፈተናው እንዲህ ነው። ትሬነሩ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ በየደቂቃው ዳገቱን እየጨመረ ፔዳሉን ያከብደዋል። እግርሽ የሚያወጣውን ኃይል በዋት ይቆጥራል። እስከምትችዪው ትነጂና የደረስሽበትን ለክብደትሽ ያካፍሉታል፤ ብልጫውም በዚያ ይታወቃል።

ጠዋት ነበር። አማትቤ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ ወጣሁ። ብርቄ ተራዋን ስትጠብቅ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሊን «እግርሽ እምቢ እስኪልሽ ንጂ» አለችኝ፤ ገባኝ፤ አልገባኝም አልልም። ነዳሁ። ፊቴ ያለው ግድግዳ ነው፤ እኔ ግን የምነዳው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ጥላ፣ የአህዮቹ አቧራ፣ ሁሉም በዓይኔ ነበር። ዳገቱ ከበደ፣ ደግሞ ከበደ። ትንፋሼ አጠረ እንጂ እግሬ ገና ነበር። ምስክሬ እግዚአብሔር ነው፣ ገና ነበር።

ሊን ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ነካች። የላቤን ብዛት አይታ ነው መሰል በጣም በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ይበቃሻል? ወይስ ልጨምርልሽ?»

ጭልፋ የያዘች ሴት ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ አፌ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ እንዳደገበት መለሰ።

«ኧረ ይበቃኛል፤ አመሰግናለሁ።»

«ጥሩ» አለች፤ አንዲት ቁልፍ ተጫነች።

ፔዳሉ ወዲያው ቀለለ። ቁልቁለት ላይ እንደሚለቅ ሰው እግሬ ባዶ ዞረ። እኔ እኮ እስክትደግምልኝ ነበር የጠበቅኩት። አንዴ «ግዴለሽም፣ ትንሽ» ብትለኝ እስከ ቡሬ እደርስላት ነበር። ቀና ስል ከእኔ የወጣውን ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ እያስቀመጠች ነበር። ወደ ብርቄ አየሁ። የገበዝ ማርያም ልጅ ናት፣ «ይበቃኛል»ን ታውቀዋለች፤ አንዲት ቃል ትናገርልኛለች ብዬ ነው ያየኋት። አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች።

ከዚያ እሷ ወጣች። እኔ በነበርኩበት ደረጃ ሊን ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ ጠየቀቻት። ብርቄ መናገር አቅቷት ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። ጨመረችላት። እንደገና ጠየቀቻት፤ እንደገና ነቀነቀች። እግሯ በራሱ እስኪቆም ድረስ ነዳች፤ ሊን ደግፋ ነው ያወረደቻት። ልዩነታችን የትንሽ ትንሽ ነበር። መሣሪያው ተናገረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፤ ደግሞም ሳምኳት፤ ከንፈሬ እንጂ ልቤ አልነበረበትም። ዝናቡ መስታወቱን ይልሳል። ብዙ ከሄድን በኋላ አልቻልኩም።

«አየሽኝ አይደል?»

«አየሁሽ እታለም።»

«እግሬ ገና እንደነበር አውቀሻል።»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ የአገርሽ ሰው አይደለሁም? አንድ ቃል ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

ብርቄ ዓይኗን ከመስታወቱ አልመለሰችም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። እዚህ አገር የሚጠየቀው አንዴ ነው አልሽኝ። አንቺ የምትረሺው አልመሰለኝማ። ደክሟት ነው አልኩ፤ ከልቧ ነው አልኩ።» ቀጥላም፣ «አውቄያለሁ ያልኩሽ ዘግይቼ ነው፤ ከወረድሽ በኋላ ፊትሽን ሳይ» አለችኝ።

እውነት ይሁን ያዘጋጀችው ይሁን እስካሁን አላውቅም። ልንወርድ ስንል እጄን ያዘች።

«ለሊን ልንገራት? እንደገና ትፈትንሽ፤ እኔ ደስ ይለኛል።»

«ተዪው» አልኳት፤ «ይበቃኛል።»

«እሺ እታለም» አለች፤ እጄን ለቀቀችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መስመሩ ተገኝቶ እናቴ ደወለች። የብርቄ እናት ፍኖተ ሰላም ገበያ አግኝታት ኖሯል። «ልጄ ፈረንጆቹን በለጠቻቸው» ብላ እልል አለች አሉ፤ እናቴም አብራ እልል ብላለች።

«አንቺስ ጥሩዬ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዋት ምን እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ጥያቄውን ግን በደንብ አስረዳኋት። ወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«አንዴ ብቻ ጠይቃሽ ተወችው?»

«አንዴ ብቻ።»

«ምን ዓይነት ቤት ያሳደጋት ናት?» አለች፤ ከልቧ ለሊን አዝና። ከዚያም እንደ ልማዷ፣ «ምሳሽን በላሽ?»

«በላሁ እማ።»

«አልበላሽም። አፈር ስሆን ብዪ።»

«ጠግቤ ነው እኮ።»

«በሞቴ» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ተነሥቼ በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁሉንም በላሁ። ከግድግዳው ወዲያ ብርቄ አለች። አዲሱን ብስክሌቷን ቤት ውስጥ ተክላዋለች፤ ፔዳሉ ሲዞር የሚያሰማው ሹክሹክታ እስከ እኔ ይደርሳል። አንዳንዴ ይቆምና እግሯ ወደ በሩ ሲመጣ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ዳዊቴን ዘግቼ አዳምጣለሁ። ለቅናቴ መስገዴን አልተውኩም፤ በስግደቱ መሐል ግን አንድ የማይገባ ልመና ይገባብኛል። ያስተማርኳትን ያስረሳልኝ እላለሁ፤ መጥታ በሬን ታንኳኳና አንዴ ትድገምልኝ።