አልጋነሽን «ኤቫንቲያ» ያላት ሰው

ሳህሉን ሮም የምናውቀው ሁሉ በአንድ ነገር እንስማማለን፤ ባዶ ሰው ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ዓመት በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ መጣ። ከዚያ ወዲያ አገሩን የሚያነሣው ለመናቅ ብቻ ሆነ። ወንድሙ ከርቸሌ መግባቱን ስንነግረው እንኳ «አሎራ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ክራቫቱን አስተካከለ።

ሚስቱን አልጋነሽን ከደብረ ብርሃን አስመጣት። ስምሽ ለፈረንጅ ይከብዳል ብሎ «ኤቫንቲያ» አላት። ስሙ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ፒያሳ ይላላክበት የነበረው ሱቅ ባለቤት የግሪኩ ነጋዴ ሚስት ስም ነው። ሴትዮዋ «‹ኤቭ› መልካም፣ ‹አንቶስ› አበባ ማለት ነው፤ ያማረ አበባ» ብላ አስረድታው ነበር። ከዚያ ሱቅ የተረፈው እውቀት ይኸው ነው፤ እሱኑ ዕድሜ ልኩን ሲቸረችር ኖረ።

የደጃቸው ደወል ላይ ሳይቀር አዲሱን ስም አጻፈ።

«አባቴ አልጋነሽ ያለኝ ዙፋኔ ነሽ ሲለኝ ነው» አለችው። «አበባማ ይጠወልጋል።»

«በዚህ ስም ሰው ፊት አላቀርብሽም» አላት።

አንድ ቀን ግሪካዊ የሥራ ባልደረባውን ከነሚስቱ ምሳ ጋበዘ፤ እኔም ነበርኩ። ያለ ኀፍረት «የባለቤቴ አያት ግሪክ ነበሩ» አለ። እንግዳዋ በደስታ ተነሥታ አልጋነሽን አቀፈችና በግሪክኛ ታወራት ጀመር። አልጋነሽ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ፣

«ሲኞራ፣ እኔ ግሪክ አይደለሁም። አልጋነሽ እባላለሁ። ኤቫንቲያ ባለቤቴ ልጅ ሳለ የሚላላክላቸው እመቤት ስም ነው» አለቻት።

ሳህሉ ብቻውን ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሲያጣ «ባላገር!» ብሎ በአማርኛ ሰደባት። ሴትዮዋ ቃሉ ባይገባትም ፊቱን አይታ ካፖርቷን አነሣች።

አልጋነሽ በዚያው ሰሞን ቤቱን ጥላ ወጣች። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አጠገብ ከምትኖረው ካገሯ ልጅ ከወለተ ሥላሴ ጋር ክፍል ተጋራች። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የወጣው በባሏ በኩል ስለነበር እሱን እስክታስተካክል ብዙ ተንከራተተች። በመጨረሻ መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት የሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ተቀጠረች።

ሳህሉ ግን ለጠየቀው ሁሉ «አየሩ አልተስማማትም፤ አገሯ ገባች» ይል ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ! አንድ ቀን ከእሷ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እሱ ገባ።

«ደህና ነህ ሳህሉ?» አለችው።

ጋዜጣውን ገልጦ ፊቱን ሸፈነ። በሚቀጥለው ፌርማታ ዘሎ ወረደ።

«ምስኪን» አለችኝ፣ በመስኮት እያየችው፣ «ቤቱ እኮ ገና ሩቅ ነው።»