ጄኔራልና የኤርሜሊንዳ በር

ኤርሜሊንዳ ታማል እየጠቀለለች ነበር። የበቆሎውን ሊጥ ቅጠሉ ላይ ትለጥፋለች፣ ሥጋ ጣል ታደርግበታለች፣ አጥፋ ታስረዋለች። የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። በነዚህ ቀናት በየምሽቱ ማርያምንና ዮሴፍን ሆነው የሚጫወቱ ጎረቤቶች እየዘመሩ ማደሪያ ይለምናሉ፤ የቤቱ ሰው ደግሞ በዜማ መልሶ ያባርራቸውና መጨረሻ ላይ ይከፍትላቸዋል። ዛሬ ተራው የእሷ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

"ማደሪያ የለንም!" ብለው ዘመሩ፤ እሷ፣ ልጇ ሩፊኖና የአራት ዓመቷ የልጅ ልጇ ኢትሴል።

"ኧረ ክፈቱልኝ! ጣሪያዬ ወደቀ!"

"የዘንድሮው ዮሴፍ ግጥሙ ጠፍቶበታል" አለ ሩፊኖ። "ድምፁም የታመመ በግ ነው።"

"ሂዱ፣ ሌባ ብትሆኑስ!" ሞቅ አድርገው ዘመሩ።

"የምን ሌባ ነው? ብርድ ሊገለኝ ነው እኮ!" ውጭ ውሻ ጮኸ።

"አህያዋን በውሻ ቀየሯት እንዴ?" ሩፊኖ በመስኮት አየና መዝሙሩ አፉ ላይ ቀረ። "እማዬ፣ ማርያምና ዮሴፍ ገና መታጠፊያው ጋ ናቸው።"

"ታዲያ በሩ ላይ ያለው ማነው?"

ዶን ኤውሎሂዮ ነበር፤ በመስኖ ውሃ ተጣልተው ሰባት ዓመት ሰላም ያልተባባሉት ጎረቤቷ። አጠገቡ ጄኔራል ቆሟል፤ ባለፈው ፋሲካ የኢትሴልን ባት የነከሰው ውሻ። የኤርሜሊንዳ እጅ መቀርቀሪያው ላይ ደረቀ።

"አያቴ፣ ጠላታችሁን ውደዱ ብለሽኝ የለ?"

"ጠላትን አልኩ እንጂ ውሻውን መቼ አልኩ?"

በሩን ገርበብ አደረገችው። የሽማግሌው ከንፈር ጠቁሯል፤ ከባርኔጣው ውሃ ይወርዳል።

"እርስዎ ይግቡ። እሱ እዚያው ይቁም።"

"ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ከፍርስራሹ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። እሱ ካልገባ እኔም አልገባ።"

"አቤት ግትርነት!" ኢትሴልን ብድግ አድርጋ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠቻት። ሩፊኖን መጥረጊያ አስያዘችው። ራሷ ማማሰያዋን ጨብጣ በፍሪጁና በበሩ መሀል ቆመች። "በሉ ግቡ፣ እሱ አንድዬ ይይልኝ!"

ማርያምና ዮሴፍ ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ጠበቃቸው፤ እንቢ የሚላቸው ሰው በማጣታቸው ተቀየሙ። ጄኔራል አሥራ አንድ ታማል ከነቅጠሉ ዋጠና ፍሪጁ ሥር ተጋድሞ ወደ ላይ ያይ ጀመር። ኢትሴል እግሯን ሰብስባ "ሰላም ጄኔራል" ትለዋለች።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ጣሪያው አልተሠራም። ኢትሴል ምሳዋን የምትበላው ፍሪጁ ላይ ነው፤ አያቷ ማማሰያዋን አቅፋ ትተኛለች። ሽማግሌውን አላስወጣም ብላለች፤ ድንች ሲልጥ ደግሞ ሸጋ ነው። ይህን ለምታነቡ ግን አንድ ልመና አላት፦ ሕፃን የሌለበት ግቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጣሪያው እስኪሠራ ውሻውን ውሰዱላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ሽማግሌው መጥቶ እንዲያየው ፍቀዱለት።