ለማንም ያልነገርኩት ውጤት

ይህ የደረሰብኝ ሴቶች አንድ ለአምስት በምንደራጅበት ጊዜ፣ ልጄ ትርንጎ ሦስተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ክረምት ክረምት ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከትርንጎ በቀር በቤቴ ማንም አልነበረኝም። አንድ ቀን የቡድን መሪያችን ሰብስባ ቀበሌ ወሰደችን። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሰው አእምሮ ልታጠና መጥታ ኖሯል።

ለየብቻ አስገባችን። ካልፈለግሁ መተው እንደምችል ነገረችኝ፤ እኔ ግን የቀበሌ ጥሪ እምቢ ይባላል ብዬ አላሰብኩም፣ ፈረምኩ። "እዚህ የምንነጋገረው ምስጢር ነው፤ ከዚህ አይወጣም" አለችኝ። እንደ መሐላ ያዝኩት።

ብዙ ቃላት አንብባ የያዝኩትን ጠየቀችኝ። ስጨርስ ወረቀቷን አየችና፣ "የእርስዎ ከሁሉም ሴቶች ያንሳል" አለችኝ። ሌላ ዝርዝር ስታነብ በድንጋጤ አንዱንም አልያዝኩትም። በመጨረሻ ሁላችንንም ሰብስባ ልታስረዳን ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ግን ሾፌሩ መንገዱ በውኃ ሳይዘጋ ብሎ ይዟት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ራሴን ማመን አቃተኝ። እሳት አዳፍኜ ሦስቴ ተመልሼ አያለሁ። ውኃው ደጃችን ድረስ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ልጄን ብረሳትስ አልኩ። ጎረቤቴ እናኑ ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ ሆዴን ነው አልኳት።

ውኃው ሲጎድል ትርንጎን ሐሙሲት ከተማ እህቴ ዘንድ ወሰድኳት። ጥያት ስመለስ፣ "እማ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። ግንባሯን ስሜ መንገድ ጀመርኩ።

ተማሪዋ ተመልሳ የመጣችው መንገዱ ሲደርቅ በጥቅምት ነው። ሰብስባን፣ ጭንቀት ማስታወስን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት ለሁላችንም ያንኑ እንዳለችን ነገረችን። ውጤቱ እውነት አልነበረም። በዚያው ቀን ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ወረቀቴ ከጥናቱ ይውጣ ለምትል እንደምታወጣላትም ነገረችን።

እናኑ ጎሸም አደረገችኝ። "አንች፣ እኔንም እኮ ብላኝ ነበር። ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምስጢር ነው ስላለች።"

"እኔም ለዚያው ነው" አለች።

ምስጢሩን መጠበቅ ያለባት ተማሪዋ ብቻ እንደነበረች፣ እኛ የራሳችንን መናገር እንደምንችል ያን ቀን ገባን።

በማግስቱ ሐሙሲት ሄድኩ። ትርንጎ እዚያ ትምህርት ጀምራ፣ ጓደኛ አፍርታ ነበር። "እዚሁ ልማር" አለችኝ። ማስገደድ አልቻልኩም። አሁን እዚያው ትዳር ይዛለች።

ተማሪዋን አልቀየምኳትም፤ ተመልሳ መጥታለች። እኔ ግን ለልጄ ያን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ይህን የጻፍኩት እንድታነበው ነው። ምንም አላጠፋሽም፣ ትርንጎ።