የማይዞረው ምስማር

ከቤት በወጣሁበት ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ለመንገድ የምይዘውን በሶ በጨው ትጨብጣለች፣ ትቀምሳለች፣ «ጨው አነሰው» ብላ ደግሞ ትጨምራለች። እኔ ምድጃው ዳር ተቀምጬ እጇን አያለሁ። ሳይነጋ ተነስተን በውርጩ ላይ ሦስት ሰዓት በእግር ሄደን መኪና መንገዱ ጋ ደረስን። አውቶቡሱ ሲመጣ ነጠላዬን አስተካከለችና «ለፋሲካ ትመጫለሽ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። «እመጣለሁ» አልኳት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚያች ቃል ነው።

የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ ከሦስት ሰው በላይ ካየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። በወረቀት ግን ማንም አያየኝም። እዚያ ያላችሁ ዘመዶቼ «አጋሮ ሄዳ ቀረች፣ ኮራች» እንደምትሉ ሰምቻለሁ። አልኮራሁም። ልትወጡ የምታስቡ እህቶቼም ብትሆኑ ስሙኝ።

አጋሮ የመጣሁት ወርቄ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ጠርታኝ ነው። እሷ ቀድማኝ መጥታ በአንድ የቡና መጋዘን ለቃሚ ሆና ነበር። መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ገደሉን እያየሁ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያቺ የምትስቅ ልጅ ሌላ ሰው ትመስለኛለች።

አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ዐይን እስኪሰለች አረንጓዴ። እኛ ጋ ነፋሱ ልብስን በአንድ ሰዓት ያደርቀዋል፤ እዚህ ክረምት ከገባ ቀሚስ ሳምንት ተሰጥቶም ሲለበስ ይቀዘቅዛል። አቮካዶ ከዛፍ ወድቆ ይረገጣል፣ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ግን ፈልጌ አጣሁ። ቡና እኛ ቤት የበዓል ነው። እዚህ በቀን ሦስቴ ነው፣ ያውም በጨው።

የተከራየሁት አዴ ሀሊማ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ይላሉ እዚህ ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። መጀመሪያ ቀን ክፍሉን ሲያሳዩኝ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቡና ትጠጫለሽ?»

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ የሚጠጣ ሰው እኔ ጋ አይከራይም። ጠዋት ስጠራ ትመጫለሽ፣ ማታ ስጠራ ትመጫለሽ። ብቻዬን ከጠጣሁ ጎረቤት ምን ይለኛል? የተጣላሁ ነው የሚመስለው።»

አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። እኔ እሺ ያላልኩት ነገር የለም።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች ግራና ቀኝ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ጎማ ምንጣፍ በማሽን ይሄዳል፤ ቡናው በላዩ ይፈሳል። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ዐይን እያየ ጣት ይለቅማል። ቀኑን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ። የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉንም ያዞራል። ማታ ዐይንሽን ስትጨፍኚ ቡናው አሁንም ይሄዳል። ሴቶቹ ለዚህ መድኃኒት አላቸው፦ አዲስ ልጅ ባዞራት ቁጥር ጨው በደንብ የገባበት ቡና ያጠጧታል። «የጎማው ነው፣ ይለቅሻል» ይላሉ። ለሌሎቹ እውነትም ለቀቃቸው። እኔንም ለቆኝ ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እንግዲህ ያው የጎማው ነው ብዬ ጨውን ጨመርኩ።

የጎማው አልነበረም።

መጀመሪያ ግራ ጆሮዬ ይሞላል፣ ወንዝ ውስጥ ጠልቀው ሲወጡ ውሃ እንደሚቀረው። ቀጥሎ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ የሩቅ ወፍጮ፣ የማይቆም። ከዚያ ዓለም ይነሳል። ግድግዳው ይሄዳል፣ ጣሪያው ይከተለዋል፣ ወለሉ ከእኔ ስር ይሸሻል። የተኛሁበት ፍራሽ ሊጥለኝ ይፈልጋል፤ መሬት ላይ ተኝቶ መውደቅን መፍራት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም። አስታውካለሁ። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ሲያበቃ የሌላ ሰው ገላ የለበስኩ ያህል ነው።

አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ። በክፍሌ በር መቃን ላይ ጥላ የሚሰቀልበት ምስማር አለ። ሁሉም ሲዞር እሱን አፍጥጬ አየዋለሁ። እሱም ይሄዳል፣ ግን ከሁሉም ዘግይቶ ይሄዳል፣ ከሁሉም ቀድሞ ይቆማል። እሱ ሲቆም ድኛለሁ ማለት ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። መጋዘኑ ውስጥ የምትወድቅ ሴት ትሰናበታለች፤ ከእኔ በፊት አንዷ ወድቃ «የሚጥል በሽታ አለባት» ተብላ በዚያው ቀን ወጥታለች። እናቴ ስትደውል ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥታ ነው የምትደውለው። ዳገት ለወጣ ሰው ዓለም ዞረብኝ አይባልም። የመጀመሪያው ፋሲካ ሥራ በዝቶ አልፎኛል። «ለሁለተኛው» አልኳት። «ዶሮ አስቀምጬልሻለሁ» አለች።

በመጨረሻ ወርቄ ይዛኝ ጅማ ወረድን። ሐኪሙ ጆሮዬን አየ፣ አንገቴን አዙሮ አስተኛኝ፣ ማዳመጫ አድርጎ ድምፅ ሲሰማኝ እጄን እንዳነሳ አዘዘኝ። በግራ በኩል እጄን ብዙ አላነሳሁም።

«የውስጥ ጆሮሽ ነው» አለ። «ሚዛን የሚጠብቅ ውሃ አለ እዚያ፤ ሲበዛ ምድር ትዞራለች። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቡና ለቀማ።»

«ቡና መተው አለብሽ።»

«ለቀማውን ነው መጠጡን?»

ሳቀ። «መጠጡን። ጨውም። በተለይ ጨው። ጭንቀትም ተዪ።»

«ጭንቀቱን እንዴት ነው የሚተዉት፣ ዶክተር?»

ለዚህኛው ክኒን ጻፈልኝ። የሚድን እንደሆነ ስጠይቀው «ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ። «ጆሮውስ?» ስል ወረቀቱ ላይ እየጻፈ «እንከታተለዋለን» አለኝ።

ከአጋሮ ቡና ጠጪ መካከል ቡና መተው! መሳቄ አልቀረም፣ ዕንባዬም አብሮ መጣ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ለአዴ ሀሊማ መናገር አልቻልኩም። በየቀኑ በበሩ ብቅ ብዬ «አዴ፣ ዛሬ...» እልና ያቺን የተሞላች ሲኒ ዘርግተው «ቡና ዱጊ፣ ጠጪ! ፊትሽ ገርጥቷል፣ ለዚህ ነው ጨው የጨመርኩልሽ» ሲሉኝ ቃሉ ይጠፋብኛል። ስታመም ባዩ ቁጥር ጨው ይጨምራሉ። ሰው በፍቅር የሚሰጠውን እንዴት እንቢ ይባላል? ስለዚህ ሲኒውን ይዤ «ክፍሌ እጠጣለሁ» እላለሁ፤ በበሩ ጥግ ባለው ጤና አዳም ስር እደፋዋለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ሁለት ወር ያህል ሲሆን ጤና አዳሙ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ደረቀ። አንድ ቅዳሜ አዴ ሀሊማ ተንበርክከው ሲመረምሩት ደረስኩ። አፈሩን በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን ተክል የተከለችው እናቴ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ቡናዬ ይህን ያህል ይመር ነበር?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ምስማሩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ያረቢ!» ራሳቸውን ያዙ። «በገዛ እጄ ጨው ሳበላሽ ዝም ትያለሽ? አፍ የለሽም?»

«አፍሬ ነው፣ አዴ። እርስዎን ላለማስቀየም።»

«እኔ አልተቀየምኩም፤ ጤና አዳሜ ነው የሞተው! ማፈር ሰው ይገድላል፣ ወላሂ። የመንዝ ሰው ሲሞትም አፍሮ ነው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሲሰበሰብ የእኔን ሲኒ እሳቸው ራሳቸው ይቀዳሉ፤ ውስጡ ሙቅ ውሃ ነው። ሲሰጡኝ ዐይናቸውን ይጠቅሱኛል። «ጨው በቃው?» ይሉኛል በሰው ፊት። «በቅቶታል» እላለሁ። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ተደብቄ የሳቅሁት የለም።

ሕመሙ ግን አልሰማንም። ቀነሰ እንጂ አልተወኝም። ሁዳዴው ሲጋመስ መጋዘኑ ውስጥ መጣብኝ። ጆሮዬ ሲሞላ ተሰማኝ፣ ምስማር የሚሆነኝን ፈለግሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የማይሄድ ነገር የለም። ጎማው ወደ ግራ ሄደ፣ ሴቶቹ ወደ ግራ ሄዱ፣ እኔ ቡናው ላይ በፊቴ ወደቅሁ። ማሽኑ ትንሽ ይዞኝ ሄዶ ነበር ይላሉ።

ካቦው ጋሽ ግርማ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ የሚዞረው ማሽኑ ነው አንቺ ነሽ?»

«ሁለታችንም ነን፣ ጋሼ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። ጋሽ ግርማ አልሳቁም። «እርጉዝ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም!»

«ጠጥተሻል?»

«ውሃ ብቻ።»

«እንግዲህ እርጉዝም ካልሆንሽ፣ ካልጠጣሽም፣ የሚጥል ነው። እኔ ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ እጅሽን ማሽን ቢይዘው ተጠያቂው እኔ ነኝ።» የሐኪሙን ወረቀት ከጡቴ ስር አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ገልብጠው አዩት፣ መለሱልኝ። «ጆሮሽን ሲያምሽ ጆሮሽን ትይዣለሽ እንጂ አትወድቂም» አሉና በር አሳዩኝ።

ሥራ ሲጠፋ የቀረኝ ያቺ «እመጣለሁ» ያልኳት ቃል ብቻ ናት። ሕማማት ሲገባ ለእናቴ «ሐሙስ እነሳለሁ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ እልል ስትል በቀኝ ጆሮዬ ሰማኋት። አዴ ሀሊማ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ የማሸተው ሎሚ ሰጡኝ፤ ሹፌሩን «ከፊት አስቀምጣት፣ አደራ» ብለው ለመኑት።

ገና ከአጋሮ ወጥተን ጠመዝማዛው ሲጀምር ወፍጮው ተነሳ። በመስታወቱ ፊት ለፊት አንድ የማይሄድ ነገር ፈለግሁ። ዛፉ ይሄዳል፣ ተራራው ይሄዳል፣ ሰማዩ ይሄዳል። ሎሚው ከእጄ ወደቀ። ከኋላ «ፌስታል ስጧት!» ይላሉ፤ ሌላዋ «ልጅቷ ተለክፋለች፣ ጸበል ውሰዷት» ትላለች። ሹፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ጅማ ሳንደርስ እንዲህ ከሆንሽ ግቤ ላይ ምን ልትሆኚ ነው? የዚያ ቁልቁለት እኔንም ያዞረኛል። በነፍስሽ አልጫወትም» አለኝ፤ ደግፎ አወረደኝ፤ ዕቃዬን አጠገቤ አስቀመጠ።

አውቶቡሱ ሲሄድ ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ብለቀው ወደ ሰማይ የምወድቅ መስሎኛል። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ሲቆምልኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው የቡና ዘንግ ቆርጠው ሰጡኝ፣ እሱን እየተመረኮዝኩ ወደ አጋሮ በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስኩ። በር ላይ የነበሩት አዴ ሀሊማ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» ብለው ጮኹ። ገብቼ ምስማሬን ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። እናቴ ደወለች። ነፋሱ ይሰማኛል፤ ዳገቱ ላይ ናት።

«የት ደረስሽ?»

ስልኩን በልማድ በግራ ይዤው ነበርና ወደ ቀኝ አዛወርኩት። «አጋሮ ነኝ፣ እማዬ።»

«አልተነሳሽም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ መኪና ላይ መቀመጥ እንደማልችል፣ ግራ ጆሮዬ እየጠፋ እንደሆነ።

«መኪናው ነው እንጂ የሚያዞርሽ፣ እግርሽ ደህና ነው?» አለችኝ።

«እግሬ ደህና ነው።»

«እንግዲያው በእግር ስንት ቀን ነው?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ጠይቂያ! አንቺ ማፈር ትወጃለሽ። ጠይቂ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

አዴ ሀሊማን ጠየቅኋቸው። አያታቸው በበቅሎ ቡና ጭነው ወደ ሸዋ ይሄዱ፣ በመልሱ ጨው ይዘው ይመጡ ነበር አሉኝ። «ስንት ቀን ይፈጅባቸው ነበር?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሄዱ ይባላል፣ መጡ ይባላል። ቀኑን ማን ቆጠረው?»

ፋሲካ አለፈ፣ ዝናቡ ጀመረ። አሁን ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር፣ መንገድ ላይ፤ እኔ፣ ሰው ፊት መናገር የማልችለው። አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ። የቡናው ዘንግ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፣ ከምስማሩ ስር። እናቴ እሑድ እሑድ ዳገቱን ትወጣለች። ሰላምታም አታስቀድምም።

«ጠየቅሽ?» ትለኛለች።