ያልተመረቀው ቦይ

ኮምቦልቻ ያሰሩኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ ሽታ ግን የእህል አልነበረም፤ የላብ፣ የሽንትና የጋለ ቆርቆሮ ሽታ ነበር። ከደሴ ብርድ በሹራብ ነበር ያወረዱኝ። ገና ደፉን እንዳለፍኩ ሹራቡ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ጠጋ ብላ ቦታ የለቀቀችልኝ አልነበረችም።

«በምን መጣሽ?» አለችኝ በሩ አጠገብ የተቀመጠች ድምፀ ወፍራም ሴት። የክፍሉ ካቦ እሷ ነበረች፤ ራሷ እስረኛ ሆና ሌሎቻችንን የምትቆጣጠር ማለት ነው። እዚያው ኮምቦልቻ ጠላ ትሸጥ ነበር። ልጇ ከብሔራዊ ውትድርና ጠፍቶ «ልጅሽን አምጪ» ተብላ ነው የታሰረችው።

«በማመልከቻ» አልኳት።

«የምን ማመልከቻ?»

«ጨፌ እንዳይታረስ፣ ምንጭ እንዳይደርቅ።»

ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሰማችሁ? እኛ አምጠን ለወለድነው ታሰርን፤ ይቺ ለሣር ነው የመጣችው።» ሳቁ። ሳቃቸው የደግ ሳቅ አልነበረም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሩ ሜዳ አካባቢ አስተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤታችን በታች ሰፊ ጨፌ አለ፤ ማለቴ ነበረ። የክረምቱን ዝናብ ይዞ ከርሞ በጋውን ለምንጮቹ ቀስ እያለ የሚለቅ ረግረግ ነው። እሱን ማረስና የጅረቱን ዳር መመንጠር ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ክልክል ነበር። የገበሬ ማኅበሩም ክልከላውን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አስገብቶት ነበር። አንድ ቀን ከወረዳ የመጡ ሰዎች ስብሰባ ጠርተው ያንን አንቀጽ አሰረዙት። ጨፌው በቦይ ይንጠፈጠፍና የኅብረት እርሻ ስንዴ ይዘራበታል ተባለ። እኔ ለሸንጎ ተወካያችን ጻፍኩ፤ አንቀጹ ይመለስልን፣ ለሌሎች ጨፌዎችና ጅረቶችም የሚሆን ሕግ ይውጣልን ብዬ። የአገሩ ሰው አሻራውን አኖረበት። ሕግ አውጪን ሕግ አውጣልኝ ብሎ መለመን ወንጀል መሆኑን የተማርኩት መርማሪው ፊት ነው።

«ከጀርባሽ ማን አለ?» ይለኛል ደጋግሞ።

«ጥቁር ሰሌዳ» አልኩት። አስተማሪ ነኝ፣ ምን ልበለው? በጥፊ አጮለኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አጥርቶ አይሰማም።

ከክፍሉ ጥግ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው የተቀመጡ አንዲት እናት ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። እዚያ የማውቀው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የጨፌው አገር ዱበርቲ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ዱአቸው ይሰምራል ተብለው የሚከበሩ ሙስሊም እናቶች ዱበርቲ ይባላሉ። ከእኔ ቀድመው ነው የተያዙት።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ ነጠላቸውን አንጥፈውልኝ። «ነይ ቁጭ በይ። እዚህም አላህ አለ።»

የእሳቸው ወንጀል ከእኔም ይብስ ነበር። በወሎ ምድር ሥራ ያለ ምርቃት አይጀመርም። ቤት ሲሠራም፣ ጉድጓድ ሲቆፈርም አንድ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ሌላው አሚን ይላል። የክርስቲያኑ አሜንም አብሮ ይገባል። ቦዩ በሚጀመርበት ጠዋት የወረዳው ካድሬ ራሱ ነበር «እናቶች ይመርቁልን» ያለው። እሳቸው ግን እጃቸውን ከነጠላቸው አላወጡም። «እኔ ይህን አልመርቅም» አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ዶማውን አስቀመጠ፣ ሌላውም አስቀመጠ። በማግሥቱ ማንም ለሥራ አልወጣም። ያልተመረቀ ቦይ ቆፍሮ መዘዙን ማን ይችላል?

ካድሬው ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በእናቱ ቤት ዱአ ሲደረግ እያየ ያደገ። ስብሰባ ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ይላል፤ ቦዩን ግን ያለ አሮጊቷ ምርቃት ማስቆፈር አቃተው። ስለዚህ ውሃችንን ከለከለ። ጠዋት የሚገባልን ባልዲ ቀረ። «አሮጊቷ እስኪመርቁ ድረስ ነው» አለን ጠባቂው፣ ወደ መሬት እያየ።

ያ መጋዘን ያለ ውሃ ምን እንደሚመስል ላልቀመሰው መናገር ይከብዳል። ከንፈራችን ተሰነጠቀ። አንዷ ጡት የምታጠባ ነበረች፤ ሕፃኑ ማልቀስ አቃተውና ዝም አለ። ዝምታው ከለቅሶው ይበልጥ ያስፈራ ነበር።

ካቦዋ ተነሥታ ፊታችን ቆመች። «እማማ፣ ይመርቁና እንገላገል! ቃል አይደለም እንዴ? ቃል ምን ያስከፍላል?»

«ቃል ነው እንጂ» አሉ። «እኔ ያለኝ እሱው ብቻ ነው።»

«ሕፃኑ ይሙት ታዲያ? ለረግረግ?»

«ልጄ፣ ያ ጨፌ ሲደርቅ ስንት ሕፃን እንደሚጠማ አንቺ አታውቂም። እኔ የዚያ ምንጭ ልጅ ነኝ።» ይህን ብለው ግን አለቀሱ። እንባቸውን ሳይ ውስጤ ተከፈለ። በልቤ ይመርቁ አልኩ፤ ደግሞ አይመርቁ አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ካድሬው መጣ። የተወለወለ ጫማ፣ ካኪ ኮት። ከኋላው ጠባቂው በውሃ የተሞላ ባልዲ ይዞ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸው ባልዲው ላይ ቀረ። ደፉ አጠገብ አስቀመጠው።

«እንዴት ዋሉ እማማ?» አለ ካድሬው። «እርስዎ እዚህ መሰንበት አልነበረብዎትም። ሥራው ይባረክ ይበሉ፣ ጠባቂውም እነዚህም ይስሙ። ዛሬውኑ መኪና ያደርስዎታል።»

እናታችን ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ዘረጉ። በአንድ ጊዜ የሁላችንም እጅ ተዘረጋ፤ የጠባቂውም፣ የካድሬውም። ማንም አላዘዘንም። እንዲያ ነው ያደግነው።

«ያ ረቢ፣ የተጠማውን አጠጣ» አሉ።

«አሚን!»

«ልጁ የጠፋባትን እናት ከልጇ አገናኝ።»

«አሜን!» የካቦዋ ድምፅ ከሁላችን በላይ ወጣ።

«በር ላይ የቆመውን ይህን ወታደር ለእናቱ አብቃ።»

«አሚን» አለ ጠባቂው፣ ቀስ ብሎ።

«ይህን ፊቴ የቆመውን ልጅ ዕድሜ ስጠው፣ ልቡን አቅናለት።»

«አሚን» አለ ካድሬው ፈገግ ብሎ።

«ጨፌያችንን በደንቡ አኑርልን። ምንጩን አታድርቅብን። ቦይ አይግባበት።»

«አሚን!» አልን ሁላችንም። ካድሬውም አለ። በወፍራም ድምፁ፣ መዳፉን እንደዘረጋ፣ ከሁላችን ጋር።

መዳፎቹ በአየር ላይ ቀሩ። ምን እንዳለ የገባው ፊታችንን ሲያይ ነው። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ያን «እማማ» ያለበትን አንደበት ለውጦ «አንቺ መርዘኛ አሮጊት!» አለ። ከዚያ ባልዲውን በጫማው መታው። ውሃው ከደፉ ወደ እኛ ፈሰሰ፤ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ እየገባ እግራችን ሥር ደረሰ።

«ጠጡ እንግዲህ!» አለ። «ጎንበስ በሉና ላሱ!»

ቅዝቃዜው በባዶ እግሬ ሲነካኝ እስከ ጉሮሮዬ ተሰማኝ። ጎንበስ ማለት ፈለግኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ካቦዋ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ዓይኑን ታየዋለች። ሕፃን ያቀፈችዋም ቆመች። እናታችንም ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። እሱ ጎንበስ የምትል አንዲት ሴት ይጠብቃል፤ ውሃው ይሰርጋል፤ ከእኛ አንዳችንም ጎንበስ አላልንም።

«ውሃውን ደፋኸው» አለችው ካቦዋ። «አሚኑን ግን ብለሃል።»

በጥፊ መታት። አልወደቀችም። በሩን ጠርቅሞ ወጣ። ያኔ ብቻ፣ ኮቴው ከራቀ በኋላ፣ ነጠላችንን ከቀረችው እርጥበት ላይ አጥቅሰን መጀመሪያ ለሕፃኑ፣ ቀጥሎ ለእናታችን ጨመቅንላቸው። ማታውን ጠባቂው ሌላ ባልዲ አስገባ። ማን እንደፈቀደለት አልጠየቅነውም።

ጨፌው ተረፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተረፈም። አገሩን በማያውቁ ዘማቾች ቦዩ ተቆፈረ። ስንዴው መጀመሪያ አማረ፤ ኋላ መሬቱ ተሰነጣጠቀ፣ ምንጮቹም አንድ በአንድ ጠፉ። እናታችን ከእኔ ቀድመው ተፈቱ፤ ሲሞቱ ግን እኔ ገና ኮምቦልቻ ነበርኩ። ካድሬውን እስከ ዛሬ አልወደውም። ይቅር በይ ይሉኛል፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

በቅርቡ ደሴ ላይ የሕዝብ እንደራሴዎች ስለ ውሃና መሬት ያነጋግራሉ ሲባል ሄድኩ። ተነሥቼ ያንኑ አልኩ። ለጨፌዎችና ለጅረቶች የነበረው ጥበቃ ይመለስ፣ በሕግ ይጻፍ፣ ያፈረሰውም ይጠየቅ። አንዱ ወጣት እንደራሴ በትሕትና «እናጤነዋለን፣ እናቴ» አለኝ። ያኔም የሸንጎ ተወካያችን ያለኝ ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ዘንድሮ ከአዳራሹ ስወጣ የያዘኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባም እሄዳለሁ፤ እዚያም እስኪጽፉት ድረስ አልቀመጥም።