ፍሬዬ ለአለቃዋ ያልነገረችው ስም

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ከሐኪም ቤት ተመልሰን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ስልኬን አንስቼ ልጄ ጋ ደወልኩ። ስልኳ እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። ያኔ ነው የገባኝ።

ፍሬሕይወቴ የለችም።

ይህን ገጽ ስልኬ ላይ የከፈተችልኝ እሷ ናት። ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀምኩ ስለምጽፍ ታገሡኝ። እህቴ "እኔ ልጻፍልሽ" ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። የምናዘዘው ነገር ስላለ በራሴ እጅ መሆን አለበት።

የአየር ጤናው ቢሮ ልጆች፣ በተለይ ለእናንተ ነው።

እኔ እዚያ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ፍሬ ትምህርቷን ስትጨርስ የኔትወርክ ባለሙያ ሆና እዚያው ለሙከራ ተቀጠረች። ጠዋት ከቤቴል አብረን በታክሲ እንመጣለን፤ እሷ ታች ትቀራለች፣ እኔ ባልዲዬን ይዤ ላይኛው ፎቅ እወጣለሁ።

በገባች በወሩ ያ ጉድ መጣ። ጠዋት ደህና የነበረ ኔትወርክ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ይጠፋል። በየቀኑ። "ሲስተም የለም!" የሚለው ጩኸት ከላይ እስከ ታች ይሰማል። ፍሬ ሮጣ ትወጣለች፣ ትነካካዋለች፣ ይመለሳል። በማግስቱም ያው ነው።

ጸሐፊዋ ራሔል "ፍሬዬ፣ ይሄ ሲስተምሽ ምሳ በልቶ ይተኛል እንዴ?" እያለች ታበሽቃት ነበር።

"ካንቺ ለምዶ ነዋ!" ትላታለች የእኔዋ።

ሌላው "ራሔል ፊልም እያወረደች ነው የጨረሰችው" ይላል፣ ሌላው "ቫይረስ ነው" ይላል። ፍሬ ግን አንድ አባባል ነበራት፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ "ማንንም ከመውቀሳችን በፊት ገመዱን እንይ።"

አለቃዋ አቶ ግርማ አልሳቁም። "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ባለሙያ እናመጣለን" አሏት። ለሙከራ የገባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጄን እህል አልወርድ አላት። ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፣ ያረጀውን ቀየረች፣ የሚጠፋበትን ሰዓት በደብተር ጻፈች። ምንም አልተገኘም።

ሐሙስ ዕለት ምሳዋን ትታ ወደ ላይ ወጣች። ችግሩ በጀመረ ሰሞን የመጣው፣ ገመዱ ሁሉ የሚሰካበት፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል መሣሪያ አለ አይደል? እሱ አጠገብ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

እኔም እንደ ልማዴ ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ፣ ራሴ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አውጥቼ መሣሪያውን አለበስኩት። ጠርዙንም አስተካከልኩ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ከሰዓት የመንገዱ አቧራ ይገባበታላ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካመጡት ቀን ጀምሮ ነዋ። ቴሌቪዥናችን እንኳን ራቁቱን አይቀመጥ፣ የሰው ዕቃ?"

"ታዲያ እኔ ስመጣ አይቼው የማላውቀው ለምንድነው?"

"ሲስተም የለም ሲሉ አንቺ ሮጠሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ፣ እንዳያስቸግርሽ ቀድሜ አነሳዋለሁ።"

ልጄ ዳንቴሉን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ ከወንበሩ ተንሸራታ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ለካ መሣሪያው በዳንቴሌ ታፍኖ እየጋለ ነበር የሚጠፋው። እኔ ደግሞ እሷ ከመድረሷ በፊት አየር እሰጠዋለሁ!

እኔ ግን ዳንቴሉን ቶሎ ገፈፍኩት። "ሊያባርሩኝ ነው?" አልኳት። እጄን ጨበጥ አደረገችና ወደ ታች ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

አቶ ግርማን "መሣሪያው ተሸፍኖ አየር አጥቶ ነው፤ አሁን ተስተካክሏል" አለቻቸው።

"ማን ነው የሸፈነው?"

"ከእንግዲህ የሚሸፍነው ሰው የለም።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።"

"አቶ ግርማ፣ ስም ኔትወርክ አያስተካክልም።"

እኔ በሩ ላይ መወልወያዬን ይዤ እሰማለሁ። የራሷ ሥራ በክር ተንጠልጥሎ እያለ የኔን ስም ዋጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ ኔትወርኩ ደህና ሆነ፣ እሷም ቋሚ ሆነች። እናንተ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ "ያ ሸፋኝ ማን ይሆን?" እያላችሁ እርስ በርስ ስትጠራጠሩ ሻይ እያቀረብኩ ዝም አልኩ።

ሸፋኟ እኔ ነኝ። ራሔልዬ፣ ባንቺ ላይ ሲስቁ ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ።

ፍሬ ዳንቴሉን አልጣለችውም። መሣሪያውን አንስታ ከሥሩ አነጠፈችው። "ከሥር ሲሆን ያምርበታል፣ ከላይ ሲሆን ያፍነዋል" አለችኝ።

ትናንት ሐኪም ቤት ግሉኮሱ መውረድ አቆመና ነርሷ ላይ ጮኽኩ። ልጄ በዚያ በደከመ ድምጿ፣ "እማዬ፣ መጀመሪያ ገመዱን እንይ" አለችኝ። እውነትም ቱቦው ክንዷ ሥር ታጥፎ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ነርሷንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ፍሬዬ፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ፎቶሽን ጠረጴዛው ላይ አድርገነዋል። ለትዳርሽ ብዬ የጀመርኩት ዳንቴል አንድ ጠርዙ ይቀረዋል። አንዷ ጎረቤት አንስታ ፎቶሽ ላይ ጣል ልታደርገው ስትል ከእጇ ተቀበልኳት።

ከሥር አነጠፍኩልሽ፣ ልጄ። ከላይ ምንም የለብሽም። ደህና ሁኚልኝ።